ድክ ድክ ለሚል ልጅ ማዘያ ሲመርጡ

ቅዳሜ ገበያ ወርደው ለልጅዎ ማዘያ ሲገዙ ከቀለሙና ከጌጡ አስቀድመው የመቀመጫውን ስፋት ይመልከቱ። ዓመት የሞላው ልጅ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ማዘያው ከአንዱ ቋንጃው እስከ ሌላው ደርሶ ጭኑን ካልደገፈለት እግሮቹ ተንጠልጥለው ይደነዝዛሉ፤ ደህና የተቀመጠ ልጅ ጉልበቱ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል።

የቆዳ አንቀልባ ከመረጡ ጠርዙ የልጁን ጭን እንዳይልጠው በጣትዎ ዳብሰው ያረጋግጡ። እንደ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛበት ከተማ ቀጭን ማንገቻ ትከሻ ስለሚቆርጥ፣ ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋውን መምረጥ ይሻላል። ማንገቻው ከመቀመጫው ጋር የተጋጠመበትን ስፌት ግን በዓይን ብቻ አይመኑት፤ ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁርም በሁለት እጅዎ ጠበቅ አድርገው ይሳቡት። ጨርቅ ከሆነ የማይለጠጥ ወፍራም ጥጥ ይመረጣል።

ከተቻለ ልጁን ይዘው ሄደው፣ እዚያው አዝለውት ጥቂት ይራመዱ፤ ወገብዎ ወደ ኋላ ከተሳበ ልጁ ዝቅ ብሏልና ማንገቻውን ያሳጥሩት። ጠዋት በብርዱ ጋቢ ሲደርቡበት አፍና አፍንጫው እንዳይሸፈን ይጠንቀቁ።