ለሚደመጥ ተረት ስዕል እንዴት ይሰራል?

ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ጅቡንም አህያዋንም እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ይስላል። አሁን ግን ተረት በፖድካስት፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይለቀቃል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ስዕል ይፈልጋሉ። ታዲያ ልጁ በራሱ የሚስለውን ሳንነጥቀው እንዴት እንሳል?

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፦ ቦታውን በዝርዝር፣ ገጸ ባህሪውን በቁጠባ። የአያ ጅቦን ተንኮል ድምፁ ራሱ ይነግረናል። የዶርዜ ቤት ምን እንደሚመስል ግን አዲስ አበባ ያደገ ልጅ በመስማት ብቻ አያውቀውም። ዋሽንግተን ወይም ቴልአቪቭ የተወለደው ደግሞ ተራ ጎጆ ቤትም አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስዕሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ተረቶችን በተከታታይ ልታወጡ ነው እንበል።

1. እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት አድምጡ

የተጻፈውን ብቻ አንብባችሁ አትጀምሩ። የድምፅ ቅጂውን አንድ ጊዜ ምንም ሳትሠሩ ስሙት። ሁለተኛውን ጊዜ ወረቀት ይዛችሁ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ እንስሳቱንና ዕቃዎቹን መዝግቡ። ተራኪው ድምፁን ዝቅ ያደረገበትን ወይም ዝም ያለበትን ደቂቃም ጻፉ። ጥሩ ስዕል ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው አካባቢ ነው።

2. መጨረሻውን የማያወጣ ቅጽበት ምረጡ

በብዙ መልኩ የሚነገረውን የአህያዋን ኑዛዜ አስቡት። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ። ሦስቱ የሰው ከብት፣ በግና ፍየል መብላታቸውን ይናገራሉ፤ «ይሄማ ኃጢአት አይደለም» ይባባላሉ። አህያዋ ተራዋ ሲደርስ ጌታዋ ከሰው ጋር ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መጋጧን ትናገራለች። ያን ጊዜ ሦስቱም «ይሄ ነው ትልቁ ኃጢአት!» ብለው ይበሏታል።

አህያዋ ስትበላ ከሳላችሁ ተረቱ ሳይሰማ አለቀ። እኔ ብሆን ሦስቱ አውሬዎች አንገታቸውን ወደ እሷ ሲያዞሩ እስላለሁ። አህያዋ እያወራች ነው፤ እግሯ ሥር ትንሽ ሣር አለ። ልጁ ይህን አይቶ «ምን አድርጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያም ይከፍተዋል። አንዳቸውንም በጣም አስፈሪ ማድረግ አያስፈልግም። ማስፈራቱን ለድምፁ ተዉለት።

3. ቦታውን አጥኑ

ጊዜያችሁን በብዛት የምታፈሱት እዚህ ነው። «የገጠር ቤት» የሚባል አንድ ወጥ ነገር አገራችን ውስጥ የለም።

ዶርዜን ውሰዱ። ቤቱ የሚሠራው ከቀርከሃ ነው፤ የሚለብሰውም እንሰት ነው። ከፊት ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከዓመት ዓመት ግን ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ተረቱ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች ካሉ ቤታቸውን አስረዝሙት፤ አሮጊት ብቻዋን የምትኖርበት ከሆነ አሳጥሩት። የአካባቢው ሰው ይህን ሲያይ ስዕሉ ለእሱም እንደተሠራ ያውቃል።

ጉራጌ ስትሄዱ ቤቱ ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ትልቅ ምሰሶ ይቆማል። ከቤቶቹ ፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ይዘረጋል፤ ከጓሮ እንሰት ይታያል። ትግራይ ውስጥ ህድሞ የሚባለው ቤት የድንጋይ ነው፣ ጣሪያው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ። አፋር ደግሞ አሪ የሚባለውን ቤት ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን ይሠሩታል፤ ሲነሱ ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል። የአፋር ተረት ላይ የሣር ጎጆና ለምለም መስክ ማስቀመጥ ተራኪውን አለመስማት ነው። ሐረር ከሆነ ጠባብ መንገድና ከፍ ያለ ግንብ ሳሉ፤ ቤት ውስጥ ከገባችሁ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚለውን መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስፌት ሥራዎች አትርሱ። ኮንሶ ያለ ድንጋይ እርከን አይታሰብም።

ዘመኑንም ጠብቁ። «ድሮ ድሮ» ብሎ የሚጀምር ተረት ጀርባ ላይ ባህር ዛፍ ከቆመ ችግር አለ፤ ባህር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በእሱ ፈንታ ዋርካ፣ ግራር፣ ጽድ ወይም ወይራ አለላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያና የፕላስቲክ ጀሪካንም እንደዚያው። አደይ አበባ የምትስሉ ከሆነ ታሪኩ መስከረም አካባቢ መሆኑን አረጋግጡ።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። ሴት ሁሉ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ፣ ወንድ ሁሉ ነጭ ጋቢ ይለብሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከአንድ አካባቢ በቀር ሌላው ሁሉ አገር የሌለው ያስመስላልና። የበዓል ልብስም የሥራ ልብስ አይደለም። እርሻ ላይ ያለን ገበሬ ለሠርግ የሄደ አታስመስሉት።

4. እንስሳቱ የእኛ ይሁኑ

በየከተማው ዳር ሲጮህ የምንሰማው ጅብ ነጠብጣብ አለው፤ ጆሮው ክብ ነው፣ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ነው። ይህን የጀርባ መስመር ብቻ ከያዛችሁት ያለ ሌላ ዝርዝርም ጅብ መሆኑ ይታወቃል። ነብራችን ነጠብጣብ ነው፤ ባለ ሸንተረሩ የእስያ ነው። ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳና ጉሬዛ አራት የተለያዩ እንስሳት ናቸው። እመት ጦጢትን ደረቱ የቀላ ጭላዳ አታድርጓት። ጥቁርና ነጭ ፀጉር ያለው ጉሬዛ ደግሞ የጫካ ነው።

5. ለተከታታዩ አንድ መልክ ስጡት

ክፍሎቹ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች መምሰል አለባቸው። ቀላሉ መንገድ ሁለት ነገር ማጽናት ነው፤ አንድ ዓይነት የመስመር ውፍረትና አንድ ዓይነት ክፈፍ። ቀለሙ በየአካባቢው ይለዋወጥ። ለደጋ ተረት አረንጓዴና ጭጋግማ ግራጫ፣ ለአፋር የጨው ነጭና የአሸዋ ቢጫ። ለአንድ ስዕል አምስት ቀለም ከበቂ በላይ ነው።

ከአገር ውስጥ የሚወሰድ ብዙ ነገር አለ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርኩትን ባህላዊ ሥዕሎች አይታችኋል? ብዙ ጊዜ 44 ትንንሽ ክፍሎች አሏቸው፤ ታሪኩም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ረጅም ተረት በሦስት በአራት ክፍል ስትለቁ ይህ አሠራር ይጠቅማል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አያ ጅቦን በዚህ መንገድ ብትስሉት ያምራል። ግን ይህ የደጋው የክርስትና ትውፊት ነው። ለሐረር ወይም ለአፋር ተረት ከስፌታቸው፣ ከሰሌናቸው፣ ከግድግዳቸው ንድፍ ፈልጉ።

6. በትንሹ ንደፉ፣ በትልቁ ሥሩ

አውራ ጣት በሚያክል ሳጥን ውስጥ አምስት ስድስት ንድፍ ሞክሩ። ሳጥኗ ውስጥ የማይነበብ ሐሳብ ሲተልቅም አይነበብም። የተመረጠውን ክሪታ በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ሥሩት፤ በነፃ ይገኛል። አይፓድ ያለው በፕሮክሬት፣ ስልክ ብቻ ያለው በኢቢስ ፔይንት መሥራት ይችላል። በወረቀት ሠርቶ በጥሩ የቀን ብርሃን ፎቶ ማንሳትም ይሆናል። ሰውን፣ ጀርባውንና ጽሑፉን በየራሳቸው ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ ንጣፍ) አስቀምጡ፤ ኋላ ለየመድረኩ ስታስተካክሉ ትገላገላላችሁ።

ለፖድካስት ሽፋን አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ 3000 በ3000 ፒክስል ለስክሪን በሚሆነው በአርጂቢ ቀለም አዘጋጁ። ለዩቲዩብ ታምኔል፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይከፈት ለሚታየው ምስል፣ 1280 በ720 ያስፈልጋል። ታምኔሉ ላይ ቀኝ ታችኛው ጥግ የክፍሉን ርዝመት የሚያሳየው ቁጥር ይሸፍነዋል፤ እዚያ ምንም ነገር አታስቀምጡ። ቴሌግራም የቻናሉን ምስል ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ዋናው ነገር መሃል ላይ ይሁን።

ጽሑፉ ከሦስት አራት ቃል አይብለጥ። ፊደላችን ትንንሽ ቅጥያ ስላለው «ቡ» እና «ቢ» ስልክ ላይ ሲያንሱ ይመሳሰላሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ወፈር ሲል ጥሩ ይነበባል፤ የብራና መልክ ከፈለጋችሁ አቢሲኒካ አለ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

7. ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ለአካባቢው ሰው አሳዩ

ንድፉ በእርሳስ እያለ ላኩት፤ ማስተካከል የሚቀለው ያኔ ነው። የሚሻለው ተረቱን የነገሯችሁ ሽማግሌ ወይም እናት ቢያዩት ነው። ካልተመቸ እዚያ ያደገ ሰው ፈልጉ። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው እንዳያስቀይማችሁ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «እዚህ ላይ የናንተ ያልሆነ ነገር የቱ ነው?» በሏቸው። «እኛ ጋ እንስራ እንዲህ አይታዘልም» የሚል መልስ የሚመጣው እንዲህ ሲጠየቅ ነው። የሽማግሌውን መልክ ራሱን ልትስሉ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

ከዚያ ቀለሙን ቀቡ፣ በፒኤንጂ አውጡ፣ ሌየሩን የያዘውን ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ክፍሉ ሲለቀቅ ከሥሩ በሚገባው ጽሑፍ ላይ የሰዓሊውን ስም ብቻ አትጻፉ። ተረቱ ከየት አካባቢ እንደሆነና፣ ከፈቀዱ፣ ማን እንደነገራችሁም ጻፉ።