የዘማች ሜዳሊያ ስናገኝ ቤተሰቡን ፍለጋ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሮጌ ኮመዲኖ ገዝቼ መሳቢያውን ሳወጣ፣ ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ሜዳሊያ ነበር። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ነው፣ ጫፉ ተበልቷል። አብሮት አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የኮሪያ ዘማች ንብረት መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። ቤተሰቡን ለማግኘት ግን ሰባት ወር ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ የባከነው በራሴ ስህተት ነው። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ማጽዳት

መጀመሪያ ያደረግኩት በሎሚ ማሸት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ያ ጠቆር ያለ መልኩ ቤተሰቡ የሚያውቀው መልክ ነው። ሪባኑንም በአዲስ ልቀይረው አስቤ ነበር። ደግነቱ ተውኩት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አራግፋችሁ አስቀምጡት፣ ይበቃል።

ስሙን ሜዳሊያው ላይ መፈለግ

ኢንተርኔት ላይ «የሜዳሊያውን ጠርዝ እዩ» የሚል ምክር ሞልቷል። ምክሩ ለእንግሊዞች ይሠራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰጧቸው ሜዳሊያዎች ጠርዝ ላይ የወታደሩ ስምና መለያ ቁጥር ተቀርጿል። ለኮሪያ ዘማቾቻችን የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ግን የአማርኛ ጽሑፍ ቢኖረውም የባለቤቱ ስም የለበትም። ስሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ስለዚህ የተገኘበትን ዕቃ ሁሉ ፈትሹ። ጨርቁን፣ ፖስታውን፣ ከፎቶ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ። ሜዳሊያው ብቻውን ከሆነ ደግሞ የሸጠላችሁን ሰው «ከየት ሰፈር አመጣኸው?» ብላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ነገ ይረሳዋል።

የአርበኞች ሜዳሊያ ከሆነ ዘንባባውን ቁጠሩ። «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲባል አምስቱንም የጠላት ዘመን በዱር በገደል የታገለ ማለት ነው። ስም ባይሰጣችሁም ፍለጋውን ያጠብላችኋል።

ዓመተ ምሕረቱን ማምታታት

የኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ወረቀቱ ላይ 1952 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ወሰድኩት። ጦርነቱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. መሆኑን እያወቅኩ፣ «ከዚያ በኋላ እዚያ የቆየ ሰው ነው» ብዬ ሁለት ወር የማይሆን ሰው ፈለግኩ። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 1944 መሆኑ ነው።

ወሩም ልዩነት ያመጣል። ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው ይባላል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው ሚያዝያ 1943 ነው። በ1944 ሁለተኛው ሻለቃ ተካው። ወሩን ካላያችሁ ሰውዬው ከየትኛው ጋር እንደዘመተ አትለዩም። ያንን ካልለያችሁ ደግሞ በሕይወት ያሉ ጓደኞቹን ማን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ማዕረጉን እንደ ስም መያዝ

ወረቀቱ «አሥር አለቃ» ይላል። እኔም በየሄድኩበት አሥር አለቃ እገሌ እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ማንም አላወቀውም። ሰውዬው በጡረታ የወጣው በሻምበልነት ነው፣ ሰፈሩ የሚያውቀው «ሻምበል» ብሎ ነው። የቃኘው ዘማቾች ከክቡር ዘበኛ፣ ከንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ የተመለመሉ ናቸው። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ክቡር ዘበኛ ፈርሶ እንደገና ሲዋቀር ብዙ ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተበትኗል። በድሮው ክፍሉ ብቻ አትፈልጉት።

የስሙ ፊደልም ያሳስታል። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ሁሉም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነማ አራት ዓይነት ይጻፋል። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ አትፈልጉ። እሱ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ነው። ልጆቹ የሚጠሩት በእሱ በራሱ ስም ነው።

ቢሮ ለቢሮ ብቻ መዞር

አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር መጀመሪያ የሚኬድበት ቦታ ነው። ለአርበኛ ደግሞ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አለ። ግን እዚያ አታቁሙ። ለእኔ ቤተሰቡን ያገኘልኝ የእድር መዝገብ ነው። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ ትልቅ መዝገብ አውጥተው፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገለጡት። ስሙ፣ የሚስቱ ስም፣ «ያረፉበት ቀን» ከነፊርማው ተጽፏል። «ልጅቷ አሁንም ትከፍላለች» አሉኝ። ከሰባት ወር በኋላ ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እድር፣ ሰበካ ጉባኤ፣ ኮሪያ ሰፈር ያሉ አዛውንቶች፣ እነዚህን አስቀድሙ። ስትጠይቁም «ሜዳሊያ» ብቻ አትበሉ። ትልልቆቹ «ኒሻን» ወይም «ሜዳይ» ነው የሚሉት።

ሁሉን ነገር ፌስቡክ ላይ መዘርገፍ

የሜዳሊያውን ፎቶ፣ ወረቀቱን፣ ሙሉ ስሙን ለጠፍኩ። በማግስቱ ሦስት «የልጅ ልጆች» ነበሩኝ። ኮሪያ ለዘማቾች ዘሮች የትምህርት ዕድል ስለምትሰጥ፣ ወረቀቱ ብቻውን የሚፈልገው ሰው አለው። ለዚህም ነው ለእውነተኛው ቤተሰብ መድረስ ያለበት። አንድ ምልክት ደብቃችሁ ያዙ። እኔ በአጋጣሚ ሳልለጥፋት የቀረች አንዲት ፎቶ ላይ ሪባኑ ከኋላ በጥቁር ክር መሰፋቱ ይታያል። እሷ ሳትለጠፍ መቅረቷ አዳነችኝ።

በስልክ ማርዳት

የማታውቁት ቁጥር ደውሎ «ስለ አባትሽ ነው» ቢላችሁ ምን ይሰማችኋል? አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ግን ልብ ይደነግጣል። ልጅቷ የምታውቀው ሰው ይንገራት። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው ለልጅቷ ቀድመው የነገሩልኝ።

«ለምን ሸጣችሁት?»

ይህን ጥያቄ ከአፋችሁ አታውጡት። በደርግ ዘመን፣ ድሮ ሰሜን ኮሪያን መውጋት የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። ኒሻኑን የደበቀ አለ፣ ቸግሮት የሸጠም አለ። የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡ ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል። ስንት እንዳወጣችሁበትም አትናገሩ።

ልጅቷ ቤት የሄድኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ቡና ተፈልቷል። ወንድሞቿም እንዲመጡ ለምኜ ነበር፣ ማን ያስቀምጠው የሚለውን እነሱ ይወስኑ ብዬ። ጨርቁን ሳልፈታ «ስለ ሪባኑ የምታስታውሺው ነገር አለ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«እማዬ ነች የሰፋችው» አለች። «ነጭ ክር አጥታ በጥቁር።»

ገልብጬ ሰጠኋት። ስፌቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች። ቡናው ቀዘቀዘ።