ሐረጎን ከመውረዳችሁ በፊት በረራውን እዩ

ከደሴ የሐረጎን ተራራ መንገድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ኤርፖርት እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ አውሮፕላኖች የት እንደደረሱ በካርታ የሚያሳየውን መተግበሪያ፣ ፍላይትራዳር24ን ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ የኤርፖርቱን ኮድ ዲ ኤስ ኢ በላቲን ፊደል ጻፉና የሚመጡትን በረራዎች ዝርዝር ንኩ። ዋናው ነገር አውሮፕላኑ ከቦሌ መነሳቱ ነው፤ ካልተነሳ ቡናችሁን ጠጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። 14:20 ካለ 6 ቀንሱ፤ ከቀኑ 8:20 ነው። ስልኩ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እንዲያሳይ ከተደረገ ግን ያው በረራ 11:20 ይላል፣ ያኔ የሚቀነሰው 3 ብቻ ነው።

ሊያርፍ ሲቃረብ ከካርታው ቢጠፋ አትደንግጡ። አውሮፕላኑ የሚልከውን ምልክት የሚቀበለው የመሬት መሣሪያ አውሮፕላኑን ያለ ከለላ ማግኘት አለበት፤ ዝቅ ሲል ተራራው ይጋርደዋል። አረፈ የሚለውም ሊዘገይ ስለሚችል እሱን አትጠብቁ።