ድምፅ ሲጨምሩት የሚጠፋው የመኪና ቴፕ

ቪትዜ ላይ ያስገጠምኩት አንድሮይድ ቴፕ ድምፁ ከፍ ሲል ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ከስፒከሩ «ዊይይ» የሚል ጩኸት ይወጣል። ፊውዝ ቀየርኩ፤ ምንም። የስፒከር ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የድምፅ ማጣሪያ የሚሉትም ጩኸቱን ቀነሰ እንጂ መጥፋቱን አላቆመም። ብር ግን በላ።

በመጨረሻ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ዲሲ 20 ቮልት ላይ አደረግኩ። ቴፑ ጮክ ብሎ እየሠራ አንዱን ጫፍ የቴፑ ጥቁር (ኔጋቲቭ) ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አስነካሁ። 1.4 ቮልት! ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ለካ ጥቁሩ ሽቦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የታሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው፤ ቀለሙ ኤሌክትሪኩን በደንብ አላሳልፍ ብሎ ነበር። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ሽቦውን በብሎን አጥብቄ አሰርኩ። አሁን 0.05 ያነባል። ጩኸትም የለ፣ መጥፋትም የለ። ማጣሪያውንም ነቅዬዋለሁ።