ፕላኔት የሚያልፍባቸውን ከዋክብት ከአዳማ ሆኖ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የምንለካው ፕላኔቱን ራሱን ሳይሆን የኮከቡ ብርሃን ለጥቂት ሰዓታት መቀነሱን ነው። የቅናሹ ልክ የሚነግረን የፕላኔቱ ሬዲየስ ከኮከቡ ሬዲየስ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ስለሆነ፣ የኮከቡ ሬዲየስ በ10 በመቶ ከተሳሳተ የፕላኔቱም በዚያው ልክ ይሳሳታል። ስለዚህ አዳማ ውስጥ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ጥናቱን ከኮከቡ ቢጀምር ይሻላል፤ ለዚህም ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም።

ለመለማመጃ በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት የሚገኘውን ኤችዲ 209458ን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፕላኔት በፊቱ ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ኮከብ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በኩል «ቡና» ተብሎ የተሰየመው ኤችዲ 16175 ልብን ይስባል፤ ሆኖም «አቦል» የተባለው ፕላኔቱ የተገኘው የኮከቡ መወዛወዝ ተለክቶ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መጀመሪያ ርቀቱን ያግኙ። የከዋክብትን ቦታና ርቀት የለካው የጋይያ መንኮራኩር ልኬቶች ለማንም ክፍት ናቸው፤ ከመዝገቡ የኮከቡን ፓራላክስ (መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ኮከቡ ቦታ የቀየረ የሚመስልበትን ጥቃቅን ማዕዘን) በሚሊ አርክ ሰከንድ ወስደው 1000ን ለእሱ ያካፍሉ። ለዚህ ኮከብ ፓራላክሱ 20.8 ገደማ ስለሆነ ርቀቱ 48 ፓርሴክ ወይም 157 የብርሃን ዓመት ያህል ይሆናል። በዚያው መዝገብ አር.ዩ.ደብሊው.ኢ. (RUWE) የሚል፣ ልኬቱ ለአንድ ነጠላ ኮከብ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ ዓምድ አለ፤ ቁጥሩ ከ1.4 ከበለጠ ኮከቡ የተደበቀ ጎረቤት ሊኖረው ይችላልና ይጠንቀቁ። እኩል ብሩህ የሆነ ሁለተኛ ኮከብ በብርሃኑ ውስጥ ቢቀላቀል የቅናሹ ልክ በግማሽ ያንሳል፣ የፕላኔቱም እውነተኛ ሬዲየስ ካሰሉት 1.41 እጥፍ ሆኖ ይገኛል። የፕላኔቶችን ማለፍ የሚከታተለው የቴስ መንኮራኩር ካሜራ አንዱ ፒክሰል 21 አርክ ሰከንድ ያህል ሰማይ ስለሚሸፍን ይህ ችግር በእሱ መረጃ ላይ ያይላል።

ቀጥሎ ሙቀቱን ይያዙ። ከቀለም የተገመተ ሙቀት በመንገድ ላይ ባለ አቧራ ስለሚዛባ ከስፔክትረም (በየቀለሙ ከተበተነ የኮከቡ ብርሃን) የተገኘውን ማስቀደም ይገባል፤ የኮከባችን 6,090 ኬልቪን አካባቢ ነው። በልዩ ልዩ ጥናቶች የታተሙ ቁጥሮችን ደባልቆ አማካይ ማውጣት ግን አይመከርም፤ ሙቀቱ፣ ሬዲየሱና መጠነ ቁሱ እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ ሁሉንም ከአንድ ጥናት መውሰድ ይበጃል።

ከርቀቱና ከሚታየው ብሩህነት (7.65 ማግኒቱድ) የኮከቡ አጠቃላይ ብርሃን የፀሐይን 1.7 እጥፍ ያህል ሆኖ ይወጣል። የ1.7 ስኩዌር ሩት 1.30 ነው፤ የፀሐይን ሙቀት (5,772) ለ6,090 አካፍለው ውጤቱን በራሱ ቢያባዙ ደግሞ 0.90 ያገኛሉ። ሁለቱ ሲባዙ የኮከቡ ሬዲየስ ከፀሐይ 1.17 እጥፍ ይሆናል። የብርሃኑ ቅናሽ 1.5 በመቶ ገደማ፣ ስኩዌር ሩቱም (የፕላኔቱ ሬዲየስ ከኮከቡ ሬዲየስ አንጻር) 0.12 ገደማ ስለሆነ ፕላኔቱ በሬዲየስ ጁፒተርን 1.4 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ጠቃሚው ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከብርሃን ቅናሹ ቅርጽና ቆይታ በመነሳት በፕላኔቱና በኮከቡ መካከል ያለው ርቀት የኮከቡን ሬዲየስ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይታወቃል፤ እዚህ 8.76 ነው። ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ አባዝተው (8.76 × 8.76 × 8.76)፣ ለ74.4 (ቋሚ ቁጥር ነው) እና ለምሕዋሩ ቀናት (3.52) ስኩዌር ካካፈሉ የኮከቡን እፍግታ (መጠነ ቁሱ ለይዘቱ ሲካፈል) ከፀሐይ ጋር አነጻጽረው ያገኛሉ፤ ውጤቱም 0.73 ነው። በሌላ በኩል የኮከቡን መጠነ ቁስ፣ ማለትም የፀሐይን 1.15 እጥፍ፣ ለ1.17 ኪዩብ ሲያካፍሉ 0.72 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች መግጠማቸው የኮከቡን ሬዲየስ ለማመን በቂ ምክንያት ነው። ባይገጥሙ ኖሮ የምሕዋሩን ሞላላነት ወይም የተደበቀውን ጎረቤት መጠርጠር ይገባ ነበር። ዕድሜውን ግን ለጊዜው ይተዉት፤ ለእንዲህ ዓይነት ኮከብ የሚሰጠው ግምት በጣም ሰፊ ነው።

ቴሌስኮፕና ካሜራ ያለው ሰው ቅናሹን ራሱ ሊለካ ይችላል። ኮከቡ በጥቅምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከአዳማ አናት 10 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ወደ ሰሜን ይገኛል፤ ማለፉም 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከከተማው መብራት ወጣ ብለው ቢያንስ ሁለት የማይለዋወጡ ጎረቤት ከዋክብትን በአንድ ፎቶ ውስጥ ያስገቡ። የማለፊያ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚታተም ሦስት ሰዓት ደምረው ወደ አገራችን አቆጣጠር ይመልሱት፤ ለምሳሌ 19:00 ተብሎ የተጻፈው እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።