መቀሱን አስቀምጡት፦ ፐርሺያን ድመት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የፐርሺያን ጸጉር ይቋጠራል። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከብብቷ ሥር፣ ሆዷና ጭኗ ላይ መጀመሪያ ለስላሳ እብጠት የሚመስል ነገር እጃችሁ ላይ ይመጣል። ከተዋችሁት ቆዳዋ ድረስ ወርዶ ይጠጥራል። ሰው ሁሉ መቀስ የሚያነሳው ያኔ ነው። እባካችሁ አታንሱ! የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ልል ነው። ቋጠሮውን ሳብ ስታደርጉት ቆዳውም አብሮ ይነሳል፤ ጸጉሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚመጣ አይታይም። አንዲት ነጭ ድመት ብብቷ እንዲህ ተቆርጦ አይቻለሁ። ባለቤቷ ጸጉር ብቻ የቆረጠ ነበር የመሰለው። ጸጉሩ ገለጥ ሲደረግ ሥጋዋ ይታያል። ተሰፋች፣ ዳነች፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ብብቷን እንዲነካባት አትፈቅድም።

ቋጠሮውን ከሥሩ፣ ቆዳው ጋ፣ በሁለት ጣት ያዙት፤ ያኔ አይጎትታትም። ከጫፉ ጀምራችሁ በብረት ማበጠሪያ ቀስ እያላችሁ ፍቱት። እምቢ ካለ በማሽን ይላጭ፤ እሱንም የለመደ ሰው ይሥራው።

ከላይ ከላይ መቦረሽም ዋጋ የለውም። ጸጉሯ ሁለት ድርብ ነው፤ የሚቋጠረው ከሥር ያለው ስሱ ነው። ማበጠሪያው ቆዳዋ ጋ ካልደረሰ አላበጠራችሁም። ደግሞም በየቀኑ ነው።

ሳታበጥሩ አትጠቧት። ውሃ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል።

«ፊቷ ካልተደፈጠጠ እውነተኛ ፐርሺያን አይደለችም» የሚሉ አሉ። ይሄ ያናድደኛል። ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ የተባለው ጣሊያናዊ ተጓዥ በ1620 ግድም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከኮራሳን፣ ከፋርስ ምድር፣ ረጅም ጸጉር ያላቸው ድመቶች ወደ አገሩ እንዳመጣ ይነገራል። በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በተካሄደው የድመት ውድድር ላይም ፐርሺያኖች ነበሩ። የዚያ ዘመን ፐርሺያን ደህና አፍንጫ ነበራት። ፊቷን እንዲህ ያሳጠሩት አርቢዎች ናቸው፤ በተለይ ከ1950ዎቹ ወዲህ። ፊቷ ባጠረ ቁጥር መተንፈስ ይከብዳታል፣ ጥርሷ ይዛነፋል፣ የእንባዋ መውረጃም ይጣመምና እንባው ፊቷ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አፍንጫዋ ወጣ ያለውን ምረጡ። እንባዋን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉላት፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ጨርቅ። ዓይኗን ከጨፈነች ወይም ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

የወላጆቿን የኩላሊት ምርመራ ሳትጠይቁ አትግዙ። ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል በሽታ በዚህ ዝርያ በብዛት ይታያል። ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ይበቃል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድመቷ ከጎለመሰች በኋላ ስለሆነ ግልገሏን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የዘረመል ምርመራው ግን ቀላል ነው።

ሌላው፣ ዝምታዋን ጤና ነው ብሎ ማለፍ። ፐርሺያን በተፈጥሮዋ ረጋ ያለች ናት፤ ብዙ አትዘልም፣ ብዙ አትጮህም። ስትታመምም እንደዚያው ዝም ነው የምትለው። ስለዚህ ምግቧንና ሽንቷን ተከታተሉ። በሙቀት አፏን ከፍታ ካለከለከች ደግሞ ይለፍላት ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዷትና ሐኪም ጋ ደውሉ።