ከረመዳን በኋላ የቁርኣን ንባብን ሳያቋርጡ ለመዝለቅ

ረመዳን ሲወጣ ሙስሐፉ (የቁርኣኑ መጽሐፍ) ወደ መደርደሪያው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን፣ በወሩ የለመድነውን የቀን አንድ ጁዝ (ከቁርኣን 30 ክፍሎች አንዱን)፣ ማለትም 20 ገጽ ያህል፣ በሥራ ቀናትም እንቀጥላለን ብለን ከአቅም በላይ ስለምንነሳ ነው። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ ስለዚህ መጠኑን ይቀንሱ።

በእኔ ግምት ሁለት ገጽ ይበቃል፦ አንዱን ከሱብሒ (የንጋት) ሶላት በኋላ ከመስገጃው ሳይነሱ፣ ሌላውን ከዒሻ (የምሽት) ሶላት በኋላ። በመዲና የሚታተመው ሙስሐፍ 604 ገጽ ስለሆነ በዚህ አካሄድ በ302 ቀን ያኸትማሉ፣ ማለትም ሙሉውን አንብበው ይጨርሳሉ፤ የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ገደማ በመሆኑም ለሕመም፣ ለመንገድና ለእንግዳ 52 ቀን ይተርፍዎታል። ይህ ትርፍ ቀላል አይምሰልዎ፤ ሰው ንባቡን ጨርሶ የሚተወው ያመለጠው ቀን እንደ ዕዳ እየተቆለለ ሲመስለው ነውና። ያለፈውን ለማካካስ ሳይጣደፉ፣ ምልክት ካደረጉበት መስመር ይቀጥሉ።

በስልክ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን መልእክት ሲገባ ዓይን መሸሹ ስለማይቀር የታተመውን እመርጣለሁ። ማንበብ ገና የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ፣ እየተንተባተበ ለሚያነብ ሁለት ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ተነግሯልና፣ ሳያፍር ግማሽ ገጽ ይያዝ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ለኡስታዝ (ለቁርኣን አስተማሪ) እያነበበ ያሳርም።